ልግዛ ወይስ ልከራይ? የአንዲት የደብረ ማርቆስ መድኃኒት አከፋፋይ የኤሌክትሪክ መኪና ውል

ደብረ ማርቆስ ውስጥ መድኃኒት በጅምላ የሚያከፋፍሉ አንዲት ሴት አሉ። እኔ እትዬ ነው የምላቸው። ስማቸውን እንዳልጠራ አደራ ብለውኛል። ጉዳዩን ግን "ሌላው ሰው ከመፈረሙ በፊት እንዲያነበው ጻፈው" ብለው ፈቅደውልኛል። እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። የድሮ መኪናቸውን ለዓመታት ስጠግን ስለኖርሁ፣ አዲስ የማግኘቱ ነገር ሲመጣም ከመጀመሪያው እስከ ውሉ ፊርማ አብሬያቸው ነበርሁ።

እትዬ በሳምንት ሁለቴ ወደ አማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ጂጋና ፍኖተ ሰላም መድኃኒት ያደርሳሉ። ከማርቆስ ፍኖተ ሰላም ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደርሶ መልሱ ወደ 175 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጭነቱ ካርቶን ስለሆነ ከባድ አይደለም። ከካርቶኖቹ መካከል ግን ኢንሱሊን አለ። ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ ይመጣል።

የነበራቸው አሮጌ ቶዮታ ነው። አንድ ወር ካምቢዮ፣ ሌላ ወር ራዲያተር። ከሁሉ የባሰው ግን ነዳጁ ነበር። ሹፌራቸው ማደያ ሰልፍ ላይ ቀኑን ይውላል። ሰልፉ ካልተቻለ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን መግዛት ነው፤ እሱ ደግሞ ውድ ነው፣ ምን እንደተቀላቀለበትም አይታወቅም። በጥር 2017 መግቢያ ላይ ቤንዚን በማደያ ዋጋ እንኳ በሊትር ከ100 ብር አለፈ። እትዬ ያን ሰሞን ጋራዥ መጥተው "ልጄ፣ ይህን መኪና ከዚህ በኋላ አታድነው። ሌላ መላ ፈልግልኝ" አሉኝ።

ከፊታቸው የነበሩት መንገዶች

መጀመሪያ የታሰበው ሌላ ያገለገለ የቤንዚን መኪና መግዛት ነበር። ግን በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ያለው አስቀድሞ የገባው ነው፤ እየተቀባበለ ይሸጣል፣ በየእጁ ዋጋ ይጨመርበታል። የነዳጅ ሰልፉም አብሮ ይመጣል።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ መኪና በጥሬ ገንዘብ መግዛት ነው። በ2014 መጨረሻ ላይ የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነጻ አድርጎ፣ ተገጣጥሞ የመጣው 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍል ወስኖ ነበር። አዲስ አበባን የሞሉት የቻይና መኪኖች የመጡት በዚያ በር ነው። ሆኖም ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። የመኪናውም ዋጋ ተከተለ። ከባንክ መበደርም ቀላል አልነበረም። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ ነበር። በታኅሣሥ 2017 ጣሪያው ወደ 18 በመቶ ከፍ ቢልም፣ ለመኪና ብድር ወረፋው ረጅም ነበር።

ሦስተኛው ኪራይ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ መኪና አከራይ ድርጅት ለሦስት ዓመት የሚቆይ፣ በመጨረሻው ላይ የመግዛት መብት ያለው ኪራይ አቀረበ። የእትዬ ታላቅ ወንድም ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። "የሰው መኪና ይዞ መነገድ ምን የሚሉት ነው? ግዥና በስምሽ አድርጊው" አሉ።

የጋሼ ቁጣ ያለ ምክንያት አይደለም። ቪትዝ ገዝቶ ሦስት ዓመት ነድቶ፣ ከገዛበት በላይ የሸጠ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። እኛ አገር መኪና እንደ ቁጠባ ነው የሚታየው። ብር ሲረክስ መኪናው ይወደዳል። ቢሆንም ኪራይ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የባጃጅ ሹፌር በየቀኑ ለባለቤቱ ገቢ ያስገባል፤ ይህ ኪራይ እንጂ ሌላ ምንድን ነው? መሥሪያ ቤቶችም መኪና ከነሹፌሩ በወር ይከራያሉ። ሕጉም ቢሆን ከተጻፈ ቆይቷል። የካፒታል ዕቃ ኪራይ አዋጅ ቁጥር 103 የወጣው በ1990 ነው፤ በ2005 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 807 ተሻሽሏል። በክልላችን ዋሊያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ በዚህ ሥራ ይታወቃል። ዘርፉ በአብዛኛው የሚያተኩረው ግን ማምረቻ ማሽን ላይ ነው። እትዬ የፈለጉት አንድ አውቶሞቢል ስለሆነ በተራ የኪራይ ውል ሄዱ። ሕጉ በአንቀጽ ያልሸፈነላቸውን ሁሉ እነሱ ራሳቸው ውሉ ውስጥ መጻፍ ነበረባቸው ማለት ነው።

ሒሳቡ

የብሩን መጠን እንዳልጽፍ ስለተስማማን የመኪናውን የገበያ ዋጋ 100 እንበለው። አከራዩ ያቀረበው እንዲህ ነበር። 10 በመያዣ ይቀመጣል። ለ36 ወራት በየወሩ 2.3 ይከፈላል። በመጨረሻ መኪናውን ማስቀረት የፈለገ 35 ይከፍላል፤ መያዣው ከዚያ ላይ ይታሰብለታል። ያልፈለገ መኪናውን መልሶ መያዣውን ይወስዳል። መደበኛውን ኢንሹራንስ አከራዩ ይከፍላል።

2.3 በ36 ሲባዛ 82.8 ነው። ጋሼ "መኪናውን ሊገዛ የቀረበ ገንዘብ ከፍለሽ ባዶ እጅሽን ልትቀሪ?" አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ግን መኪና ላይ ያልዋለው 90 ምን ይሠራል በሚለው ላይ ነው። እትዬ ነጋዴ ናቸው። ገንዘቡ መኪና ላይ ካልታሰረ መድኃኒት ይገዛበታል፤ መድኃኒቱ ተሽጦ ሌላ መድኃኒት ይመጣል። ኪራዩ በየወሩ እየቀነሰው ስለሚሄድ፣ በሦስቱ ዓመት ውስጥ በአማካይ 50 ያህሉ ሱቃቸው ውስጥ ይሠራል። በዓመት 15 በመቶ ያተርፋል ብንል በሦስት ዓመት 22.5 ነው። ስለዚህ የኪራዩ ትክክለኛ ወጪ ወደ 60 ይወርዳል።

እንግዲህ መጨረሻ ላይ መኪናው የሚመለስ ከሆነ ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ከሦስት ዓመት በኋላ ከ40 በታች የሚሸጥ ከሆነ መከራየቱ ይሻላል። ከ40 በላይ የሚያወጣ ከሆነ መግዛቱ ይሻል ነበር። ኢንሹራንሱ ሲጨመርበት ሚዛኑ ትንሽ ወደ ኪራዩ ያደላል።

ማን ያውቃል ታዲያ? የቪትዝን ልምድ እዚህ ላይ ማምጣት አይቻልም። ቪትዝ ዋጋውን የያዘው ደምበጫም ቡሬም ያለ ጋራዥ ስለሚያድነው ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ትልቁ ዋጋ ያለው ባትሪው ውስጥ ነው። ያንን ባትሪ ከፍቶ የሚጠግን ሰው ጎጃም ውስጥ እኔ አላውቅም። በዚያ ላይ አዲሱ ሞዴል ከዓመት ዓመት ከቀድሞው ርቆ የሚሄድ፣ ዋጋውም የቀነሰ ሆኖ ይመጣል። ስልክ ላይ ያየነው ነገር ነው። በዚህ ምክንያት እኔ የኪራዩን ሐሳብ ደገፍሁ። 35 ከፍሎ ማስቀረቱ መብት እንጂ ግዴታ አይደለም። መኪናው ዋጋውን ከያዘ እትዬ ያስቀሩታል። ከጣለ ደግሞ ኪሳራው የአከራዩ ነው።

መኪናው ማርቆስ ሲደርስ

የተመረጠው ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ነው፤ ለቻይና ገበያ የተሠራው፣ 60.48 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ያለው። ባትሪው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት ሙቀት ይችላል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። አንድ ጠባይ አለው፦ ቢያንስ በሳምንት አንዴ እስከ 100 በመቶ ካልተሞላ መለኪያው ይሳሳታል። ስለዚህ "ባትሪ እስከ 80 ብቻ ሙሉ" የሚለውን የስልክ ምክር እዚህ ላይ እንዳለ አትውሰዱት።

በእኛ መንገድ ላይ የሚበላው ኮረንቲ በ100 ኪሎ ሜትር 17 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ይመጣል። የፍኖተ ሰላም ደርሶ መልስ 30 ያህል ይበላል። ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነውን ጨምረን 34 እንበል። የኤሌክትሪክ ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ስለሆነ፣ ለጥንቃቄ ኪሎ ዋት ሰዓቱን በ10 ብር እናስበው። 340 ብር ይሆናል። የድሮው ቶዮታ ለዚያው መንገድ 14 ሊትር ያህል ይጠጣ ነበር፤ ሊትሩን በ100 ብር ብናስበው እንኳ 1,400 ብር ነው። በነገራችን ላይ ከፍታው ለኤሌክትሪክ ሞተር ምንም አይደለም። ማርቆስ 2,400 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ በግምት 10 በመቶ ጉልበት ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ አያጣም።

ፍኖተ ሰላም ከማርቆስ 500 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በመሄጃው መኪናው ብዙ አይበላም፤ በመመለሻው ግን ዳገቱ ብቻ ለ2,000 ኪሎ ክብደት 2.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይጠይቃል። የእትዬ ሹፌር መጀመሪያ ላይ ፍኖተ ሰላም ደርሶ የቀረውን ቁጥር ሲያይ ደስ ይለው ነበር፤ ሲመለስ ይደነግጥ ነበር። አሁን ለምዶታል።

ችግሩ የቤቱ ኮረንቲ ነበር። ከመኪናው ጋር የመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር 10 አምፔር ነው፤ 2.2 ኪሎ ዋት ገደማ። በዚያ ፍጥነት የአንድ ቀን መንገድ ለመሙላት 15 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ሶኬቱ የቻይና ስለሆነ ከኛ ግድግዳ ጋር አይገጥምም። ቤተሰቡ ከሱቅ ርካሽ ማከፋፈያ ገዝቶ ሰካው፤ በመጀመሪያው ሌሊት ቀለጠ። ቻርጀሩ ለሰዓታት ሳያቋርጥ ይስባል። ምጣድ እንኳ እንዲህ ለረጅም ሰዓት አይስብም።

የሠራነው ይህ ነው። ከቆጣሪው ራሱን የቻለ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ አወጣን። 40 አምፔር ብሬከርና ኮረንቲ ሲያፈስ የሚቆርጥ መከላከያ ገጠምን። የምድር ሽቦውን በአዲስ ዘንግ ቀበርን፤ ብዙ የማርቆስ ቤት የምድር ሽቦ የለውም። ከዚያ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር አስገባን። አሁን የአንድ ቀን መንገድ በ5 ሰዓት ይሞላል። ሌሊት ነው የሚሰኩት፤ ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ወጥ ሲሠራ ቮልቴጁ ይወርዳል። ይህን ሥራ ሳይሠሩ መኪናውን የሚያመጡ ሰዎች እያየሁ ነው፤ በጣም ያሳስበኛል። ቤት ይቃጠላል።

አዲስ አበባ ለሰርቪስ መሄድ ሌላ ጉዳይ ነው። 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ መካከሉ ላይ ዓባይ በረሃ አለ። ከደጀን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከድልድዩ እስከ ጎሃ ጽዮንም ዳገቱ እንደዚያው። ሲወረድ ሞተሩ ወደ ዲናሞ ተቀይሮ ባትሪውን ይሞላል፤ ፍሬን ሸራው ያርፋል። ለበረሃው ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ነገር ግን ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚገባበት ቦታ ስለሌለ መኪናው በሞተር መያዙን ይቀንሳል፤ ሥራው ሁሉ ወደ ፍሬኑ ይመለሳል። ስለዚህ ደጀን ላይ አድሮ 100 ሞልቶ መውረድ አይመከርም። ከማርቆስ የተነሳ ሰው ደጀን እስኪደርስ በቂ ቦታ ይለቀቅለታል። ሲወጣ ደግሞ ዳገቱ ብቻ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይበላል፤ ሲወርድ ያገኘው ከዚያ ያነሰ ነው። 60 ባለው ባትሪ አዲስ አበባን በአንድ ትንፋሽ መድረስ ይቻል ይሆናል፤ ግን ጠርዝ ላይ ነው። እትዬ መንገድ ላይ አንድ ቦታ አድረው ይሞላሉ።

የመኪናው ሌላ ብልሃት ብዙ ነው፤ ሁሉም ግን ለዚህ መንገድ አልተሠራም። መስመር ጠባቂው የአስፋልቱ ቀለም በጠፋበት ሁሉ ዝም ይላል። ራሱ ፍሬን የሚይዘው በግ፣ አህያና ጋሪ በሚያቋርጥበት መንገድ ላይ ያለ ጊዜው ይደነግጣል፤ ሹፌሩ እንዳይዘናጋ ግን ጠቅሟል። ስክሪኑ ቻይንኛ ነበር። የስልክ ተርጓሚ በካሜራ እያነበብን፣ አስፈላጊዎቹን ትእዛዞች በአማርኛ ወረቀት ላይ ጽፈን ዳሽቦርዱ ውስጥ አስቀመጥን። የተርጓሚውን ቋንቋ አስቀድማችሁ ስልኩ ላይ አውርዱት፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ከገዛናቸው ትናንሽ ዕቃዎች ዋጋቸውን የመለሱት ሦስት ናቸው። አንደኛው በመኪናው ኮረንቲ የሚሠራ የጎማ መንፊያ ነው። አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት መኪኖች ስኮርታ ጎማ የላቸውም፤ ጂጋና ደምበጫ መካከል ጎማ ቢተነፍስ ጎሚስታ እስኪደርሱ የሚያደርሰው እሱ ነው። ክሪክና ያገለገለ ስኮርታም ለብቻ ገዝተው ይዘዋል። ሁለተኛው የመኪናውን ኮምፒዩተር በብሉቱዝ ስልክ ላይ የሚያነብ የኦቢዲ መሣሪያ ነው፤ የባትሪውን ጤንነት በመቶኛ ያሳየናል። ሦስተኛው ከመኪናው ኮረንቲ የሚያወጣው ገመድ ነው።

ስለ ገመዱ ልናገር። ይህ መኪና ከባትሪው እስከ 3.3 ኪሎ ዋት የቤት ኮረንቲ ማውጣት ይችላል። የእትዬ መጋዘን የኢንሱሊን ፍሪጅ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ነበር የሚጠብቀው፤ ጄኔሬተሩ ደግሞ ቤንዚን፣ ቤንዚኑ ደግሞ ሰልፍ። ፍሪጁ በአማካይ ከ100 ዋት ብዙ አይበልጥም። 12 ሰዓት መብራት ቢጠፋ 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ከባትሪው 2 በመቶ። አንድ ሌሊት መብራቱ ጠፍቶ እስከ ጠዋት አልመጣም። ሹፌሩ መኪናውን ወደ መጋዘኑ በር አስጠግቶ ገመዱን ሰካ። ጠዋት ቴርሞሜትሩ 5 ዲግሪ ላይ ነበር። እትዬ ደውለው "ልጄ፣ ይቺ መኪና ለመንገድ ብቻ አይደለችም ለካ" አሉኝ። ስለ ኪራዩ የነበራቸው ጥርጣሬ የለቀቀው ያን ጠዋት ይመስለኛል።

ውሉ

ከሁሉ በላይ ጊዜ የወሰደውና እኔም ብዙ ልል የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። አከራዩ ያመጣው ውል ለአዲስ አበባ የተጻፈ ነበር። እንዳለ ቢፈረም ኖሮ ሸክሙ ሁሉ የተከራዩ ነበር።

መጀመሪያ መንገድ። ውሉ "ተከራይ መኪናውን ቢጠቀምም ባይጠቀምም ኪራይ ይከፍላል" ይላል። ጎጃም ውስጥ መንገድ ለቀናት ሊዘጋ እንደሚችል ማንም ያውቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1792 ከአቅም በላይ ስለሆነ ምክንያት ይናገራል፤ ግን በየጊዜው ፍርድ ቤት ሄዶ መከራከር አይቻልም። የተስማማንበት፦ መንገዱ ተከታታይ 7 ቀን በላይ ከተዘጋ፣ ለተዘጋባቸው ቀናት ግማሽ ኪራይ ብቻ ይከፈላል። አከራዩ አልወደደውም። እትዬ ግን "ካልሆነ ይቅር" ብለው ስለተነሱ ተቀበለ። እሳቸውም እስከዛሬ ተጠቅመውበታል።

ኢንሹራንሱ ከዚህ ጋር ይያያዛል። አከራዩ የሚከፍለው ሙሉ ኢንሹራንስ ግጭትን፣ ስርቆትንና ቃጠሎን ይሸፍናል። ሁከትና ፖለቲካዊ ጥቃት የሚያደርሰውን ጉዳት ግን የሚሸፍነው ተጨማሪ ዓረቦን ሲከፈልበት ነው። ብዙ ሰው "ሙሉ" የሚለውን ቃል አምኖ ይተኛል። በመጀመሪያው ውል መኪናው በግርግር ቢቃጠል ተከራይዋ ሙሉ ዋጋውን ሊከፍሉ ነበር። ተጨማሪው ሽፋን ተገዛ። ዓረቦኑን እትዬ ይከፍላሉ፤ ነገር ግን ጉዳት ቢደርስ ከኢንሹራንሱ በላይ አይጠየቁም ተብሎ ተጻፈ።

ባትሪው ሦስተኛው ነው። ውሉ "ማንኛውንም ጥገና ተከራይ ይሸፍናል" ይል ነበር። ጎማ፣ ፍሬን ሸራ፣ ስፖኪዮ ቢሰበር፦ ይሁን። ባትሪው፣ ሞተሩና ኮምፒዩተሩ ግን የአከራዩ መሆን አለባቸው። መከራየት የተፈለገውም ይህን ሸክም ለማውረድ ነው። ባትሪውን ተሸክሞ ኪራይ መክፈል ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። በዚህ ነጥብ ላይ እኔም ከአከራዩ ባለሙያ ጋር በስልክ ብዙ ተነጋገርሁ። በመጨረሻ በፊርማው ቀን የባትሪው ጤንነት በኦቢዲ ተለክቶ ቁጥሩ የውሉ አባሪ ሆነ። ባትሪው ከዚያ በኋላ በራሱ ቢበላሽ የአከራዩ ጉዳይ ነው፤ ውኃ ውስጥ ተነድቶ ወይም ተመቶ ከሆነ የተከራይዋ።

አራተኛው መከታተያው ነው። አከራዩ መኪናው ላይ ጂፒኤስ ገጥሟል፤ ከአዲስ አበባ ሆኖ መኪናውን እንዳይነሳ ማድረግም ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናግረው ነገር አለ። ጂፒኤስ ቦታውን የሚያውቀው ከሳተላይት ነው፤ ለዚያ ኢንተርኔት አይፈልግም። ያወቀውን ለአከራዩ ለመላክ ግን በውስጡ ያለው ሲም ካርድ ዳታ ማግኘት አለበት። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁሉም ያስታውሳል። ከተማ ላይ ከተመለሰም በኋላ በእትዬ መንገድ ላይ ብዙ ቦታ አይሠራም ነበር። በመጀመሪያው ወር መኪናው ደምበጫና ፍኖተ ሰላም መካከል ለረጅም ሰዓት "ጠፋ"። አከራዩ ተሰርቋል ብሎ መኪናው እንዳይነሳ ትእዛዝ ላከ። ትእዛዙ የደረሰው ማታ ማርቆስ ግቢ ውስጥ ሲገባ ነው። በማግስቱ ጠዋት መኪናው አልነሳም፤ የጫነው መድኃኒት ነበር። እትዬ ስልክ ላይ የተናገሩትን እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ በኋላ የውሉ ማሻሻያ ተጻፈ። መኪናው እንዳይነሳ የሚደረገው ኪራይ ከዘገየና በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠ በኋላ ብቻ ነው፤ ያውም ቆሞ ሳለ። ምልክት መጥፋት ብቻውን ምክንያት አይሆንም። መከታተያውም ኔትወርክ ሲጠፋ ጉዞውን በውስጡ እየመዘገበ ቆይቶ ሲመለስ የሚልክ፣ ዳታ ከሌለ በአጭር መልእክት በሚያሳውቅ ሌላ መሣሪያ ተቀየረ። የመንገዱ መዝገብም ለሌላ ወገን እንዳይሰጥ ተከለከለ። መድኃኒት የጫነ መኪና መቼ የት እንደሚያልፍ ማንም ማወቅ የለበትም።

ሊብሬው በአከራዩ ስም ነው። ኬላ ላይ ሹፌሩ የሊብሬውን ቅጂ፣ የተረጋገጠውን ውልና ውክልና ይዞ ካልተገኘ ቀኑን ሙሉ ይቆማል። ሰሌዳው ኮድ 3 መሆኑንም ከመፈረማችሁ በፊት እዩ፤ ኮድ 2 መኪና ለኪራይ ሥራ አይደለም።

የመጨረሻው ክርክር ዶላር ነበር። አከራዩ ምንዛሪው በጨመረ ቁጥር ወርሃዊ ኪራዩም 35ቱም እንዲጨምሩ ፈለገ። ከሐምሌ 2016 በኋላ ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ያ ቢሆን የሒሳቡ ጥቅም ሁሉ ይጠፋል። እትዬ መድኃኒት የሚሸጡት በብር ነው። ኪራዩ በዓመት አንዴ፣ ከ10 በመቶ ሳይበልጥ እንዲከለስ ሆነ። 35ቱ ግን በብር ተቆርጦ ቀረ። ብር ቢረክስ፣ መኪናው በብር ቢወደድ፣ እትዬ በድሮው ዋጋ የማስቀረት መብት አላቸው። ጋሼ ውሉን አንብበው ሲጨርሱ ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አነበቡትና "ይቺስ ጥሩ ናት" አሉ።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ውሉ ግማሽ ደርሷል። መኪናው እስካሁን ከጎማና ከፍሬን ዘይት በቀር ምንም አልጠየቀም። ባትሪው በኦቢዲ ሲለካ ትንሽ ቀንሷል፤ ከሚጠበቀው አልወጣም። የኔ ምክር መጨረሻው ላይ በጥድፊያ እንዳይወስኑ ነው። ውሉ ሊያልቅ ሦስት ወር ሲቀረው አዲስ አበባ ወስደን ባትሪውን በሙሉ እናስለካለን፤ የዚያን ጊዜ ያገለገለ ዩዋን ፕላስ ገበያው ላይ ስንት እንደሚሸጥ እናያለን። ከ35ቱ በላይ ካወጣና ባትሪው ደህና ከሆነ ያስቀሩታል። ካልሆነ ቁልፉን መልሰው በአዲስ ሞዴል ሌላ ውል ይገባሉ፤ የግድግዳው ቻርጀርና ሽቦው የራሳቸው ስለሆኑ ይቀሩላቸዋል።

አንድ ያልተዘጋ ነገር አለ። መኪናው ሲመለስ ማርቆስ ላይ ነው ወይስ አዲስ አበባ የሚረከቡት? ውሉ አይናገርም። እትዬ ማርቆስ ነው ይላሉ፣ አከራዩ አዲስ አበባ። በረሃውን የሚያሻግረው ማን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገባ በዚህ ወር ደብዳቤ ጽፈንላቸዋል።